ከማጀት የተማርነው



በዚህች ከተማ የዕረፍት ቀን ምን ያህል ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሰሜን ሪያድ ቪላዎች በሜትሮ ወርዳችሁ፣ በጥሃ ሰፈር ላይ ሐዋላችሁን ልካችሁ፣ ለእናት ደውላችሁ፣ ከዚያ ከተረፈችው ሰዓት ላይ ቆርሳችሁ ነው ይህን አዳራሽ የሞላችሁት። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

የመጣሁበት ጉዳይ ልጅነት ነው። የሀብታም ልጅ ሆኖ ማደግና የድሃ ልጅ ሆኖ ማደግ፣ ከዚያም ሰው ትልቅ ሲሆን ከትዳር ጓደኛው፣ ከእህቱ፣ ከጓደኛው፣ ከአሠሪው ጋር የሚኖረው ኑሮ። ስለዚህ ነገር ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው በልጅነት ያጣነውን ነው፤ ጫማውን፣ ደብተሩን፣ የበዓሉን ልብስ። እሱ ያማል፤ ግን ጫማ ካደጉ በኋላ ይገዛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጅ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መጠየቅ ለማን እንደተፈቀደ ነው። ያ ትምህርት በደሞዝ አይለወጥም፤ ባሕር ተሻግሮ ይከተላል።

ሪያድ ይህን ከየትኛውም ቦታ አጉልታ ታሳያለች። ሁለት ልጆች እንውሰድ፤ ስም አልሰጣቸውም፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አንዷ ደሴ ውስጥ የልብስ ሱቅ የነበረው ሰው ልጅ ናት። ሱቁ ከሰረ፣ አባት ታመመ፣ እሷ ከአሥረኛ ክፍል ወጣች። ሌላዋ ከባቲ ገጠር ናት፤ አባቷ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ፣ እሷ ደግሞ ውኃ በመቅዳት ያደገች። ሁለቱም ኮንትራት ፈርመው በአንድ አውሮፕላን መጡ። ሁለቱም በ1,000 ሪያል ተቀጠሩ። አንድ ዓይነት ወለል ያጥባሉ፣ አንድ ዓይነት ካብሳ ይሠራሉ። ለማዳም፣ ለቤቱ እመቤት፣ ሁለቱም ሠራተኛ ናቸው፤ ደሴና ባቲ፣ ሱቅና እርሻ አይለይላትም።

የሦስተኛው ወር ደሞዝ ሲዘገይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የደሴዋ ልጅ በስብርባሪ ዐረብኛዋ «ማዳም፣ ደሞዜስ?» ትላለች። ማዳም ልትቆጣባት ትችላለች፣ ልትሰድባትም ትችላለች፤ ልጅቱ ግን ጠየቀች። የባቲዋ ልጅ ዝም ትላለች። አራተኛውም ወር ይጨመራል። አምስተኛውም። ማዳም «ወደ አገርሽ ስትሄጂ በአንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ስትላት በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ያለዚያ ነገሬ ግፍ ይሆናል። ዝምታ ሁሉ ከልጅነት አይመጣም። ፓስፖርቷ የተያዘባት፣ ስልኳ የተወሰደባት፣ በሩ ከውጭ የተቆለፈባት ሴት ዝም ስትል ለሕይወቷ እየተጠነቀቀች ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የሳዑዲ መንግሥት የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ሲያደርግ፣ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለችን ሰው «ለምን አልጠየቅሽም?» ማለት የበደሉን ዕዳ በተበዳይ ላይ መጫን ነው። እኔ የምናገረው በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ እንኳ እጃችን ለማንኳኳት ስለሚፈራበት ጊዜ ነው።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ጥናት ያደረገች አኔት ላሮ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አለች። እሷና ባልደረቦቿ ዘጠኝና አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ያሉባቸው ቤተሰቦች ቤት ድረስ እየገቡ፣ አብረው እየዋሉ ኑሯቸውን ተመለከቱ። መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። የተደላደለ ኑሮ ያላት እናት ልጇን ወደ ሐኪም እየወሰደች ሳለ፣ ሐኪሙን የምትጠይቀውን ከወዲሁ አስብ፣ አትፈር፣ የፈለግኸውን ጠይቀው እያለች ታዘጋጀዋለች። ልጁ ሐኪሙ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ሐኪሙም ያዳምጠዋል። በሠራተኛና በድሃ ቤተሰቦች ደግሞ እናቶቹ ራሳቸው ሐኪም ፊት ድምፃቸው ይቀንሳል፣ መልሳቸው ያጥራል። ልጆቻቸው አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይህን ያያሉ። ማንም «ዝም በሉ» አላላቸውም፤ የእናታቸው ፊት ነገራቸው።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ጤና ጣቢያ ውስጥ የቆመችውን የእኛን ባላገር እናት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እሺ ጌታዬ» እያለች። መድኃኒቱን ለልጇ በቀን ስንቴ እንደምትሰጠው ሳይገባት ወጥታ በር ላይ ቆማ የማታውቀውን ሰው ትጠይቃለች። ቀሚሷን ይዞ የቆመው ልጅ ዛሬ ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ፤ ከዚህ በላይ የምፈራው ርዕስ የለም፣ ከዚህ በላይ መነገር ያለበትም የለም። በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ ደህና ገቢ ባለው ብዙ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወይም አሥራ አምስት። ከገጠር ዘመድ ወይም ደላላ አምጥቷታል። የቤቱ ልጆች እኩያ ናት፤ ግን በመጀመሪያ ተነስታ በመጨረሻ ትተኛለች፤ ብዙ ጊዜ ማድ ቤት ፍራሽ ዘርግታ። መሶቡ ቀርቦ ቤተሰቡ ሲበላ እሷ ቆማ እጅ ታስታጥባለች፤ የተረፈውን ማጀት ወስዳ ትበላለች። የተሻለው ቤት የማታ ትምህርት ያስገባታል። ደሞዟ «እትዬ ጋ ይጠራቀምላታል»፤ ወይም አባቷ ለበዓል መጥቶ ይወስደዋል።

የቤቱ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያይ ያድጋል። የጎረቤቱን ትልቅ ልጅ በስሟ ቢጠራት እናቱ ትቆጣዋለች፤ ሠራተኛዋን ግን፣ በዕድሜ ብትበልጠውም፣ በስሟ ይጠራታል፣ «ውኃ አምጪ» ይላታል፤ የሚቆጣው የለም። እናቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም የምትሰጥ፣ ለእድር የማትቀር ደግ ሴት ልትሆን ትችላለች። ልጁ የተማረው ግን አንዳንድ ሰው ሲጠራ የሚመጣ፣ ጠይቆ የማያውቅ፣ ደክሞት የማያውቅ መሆኑን ነው። ልጅቱም የዚያኑ ትምህርት ሌላውን ገጽ ተምራለች። ገንዘቧ ሌላ ሰው እጅ መቀመጡ፣ ሲሰጧት መቀበሏ፣ ሳይሰጧት ዝም ማለቷ፣ ይህ ለእሷ የኑሮ ሥርዓት ነው።

እህቶቼ፣ ማዳም «ስትሄጂ በአንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ስትል፣ ያቺ ልጅ ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። በአማርኛ ሰምታዋለች። ሪያድ ላይ ለደረሰባት ነገር ያዘጋጀናት እኛ ነን።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከተፈጻሚነቱ አውጥቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ተወው። የሳዑዲ የሥራ ሕግም እንዲሁ የቤት ሠራተኛን ከዋናው ሕግ አስወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለብቻዋ ደንብ አወጣላት፤ በቀን የዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድ ወር ፈቃድ ከነደሞዙ የሚል ነበር። የዕረፍት ቀኗ በሕግ የተጻፈ መሆኑን ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን እናውቃለን? በዚህች ከተማ ስለሚደርስብን በደል ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ልክም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያቺ ልጅ ስለምትተኛበት ማድ ቤት ስንናገርም ያው ድምፅ ሊኖረን ይገባል።

ወደ ደሴዋ ልጅ ልመለስ፤ የእሷንም ነገር ማቅለል አልፈልግም። እሷ መጠየቅ ታውቃለች። ቤተሰቧ ሠራተኛ ነበረው፤ ምግብ ሲቀርብላት ነው ያደገችው። ዛሬ በሰው ቤት «አምጪ» ስትባል የሚያቃጥላት ሥራው ብቻ አይደለም፤ በልጅነቷ የተሠራው ማንነቷ ነው የሚነካባት። የገጠሯ ልጅ የምትችለው የሰውነት ድካም እሷን ይሰብራታል፤ እሷ የምትችለው ንግግር ደግሞ የገጠሯን ልጅ ያንቀጠቅጣታል። ሁለቱ መንፉሃ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ውስጥ በጋራ በተከራዩት ክፍል አርብ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ቡናውን የምታፈላው የባቲዋ ናት። ሳህኑን የምታጥበውም እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም፤ ተነስታ ታጥባለች፣ ሌላዋም ቁጭ ብላ ታወራለች። ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ ወለል ሲያጥቡ ሰንብተው፣ ደሞዛቸውም እኩል ሆኖ፣ በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ አገር ቤት እንደገና ይቆማል። ጓደኝነታቸው አንድ ቀን በማይረባ ነገር ይፈርሳል፤ በብርጭቆ፣ በኪራይ መዋጮ፣ «ንቀሽኛል» በሚል ቃል። ለምን እንደተጣሉ ሁለቱም ደህና አድርገው አይናገሩትም።

ትዳርም ከዚህ አይርቅም። ጄሲ ስትራይብ የምትባል ሌላ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንዱ ከሠራተኛ ቤተሰብ ሌላው ከተደላደለ ቤተሰብ የመጡ 32 ጥንዶችን አነጋግራለች። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ፣ ገንዘባቸውም አንድ የሆነ። ያም ሆኖ ልጅነታቸው ከመካከላቸው አልወጣም ነበር። በድሎት ያደገው ገንዘብንም፣ ጊዜንም፣ የልጆችን ውሎም፣ ስሜቱንም ጭምር በዕቅድ መያዝ ይፈልጋል፤ በሠራተኛ ቤት ያደገው ደግሞ ነገር በራሱ ጊዜ እንዲሆን ይተዋል።

ይህ አሜሪካ ነው፤ የእኛ ዝርዝር ይለያል። እዚህ ሪያድ ተገናኝተው የተጋቡ ሰዎችን የማየው እንዲህ ነው። ባል ሹፌር ነው፤ አዲስ አበባ ቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ፣ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ። ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ ደሞዝ እያየ ነው ያደገው፤ ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመት ስለሚገዛው ቦታ ማውራት ይወዳል። ሚስት ዝናብ ሲቀር የዓመቱ ቀለብ ሲቀር እያየች ነው ያደገችው። ለእሷ ገንዘብ በእጅ ሳለ ለዘመድ ካልደረሰ ነገ ላይኖር ይችላል። እሱ «ታባክናለች» ይላል። እሷ «ልቡ ድንጋይ ነው» ትላለች። ሽማግሌ ተጠርቶ የሚመረምረው ስለ ሁለት ሺህ ሪያል ነው፤ ስለ ደሞዝና ስለ ዝናብ የሚጠይቃቸው የለም። ሽማግሌዎቻችን ብልህ ናቸው፤ ነገር ግን የሰውን ልጅነት ጠይቆ ማስታረቅ አልለመድንም።

የዘር ነገርም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ የባላባቷን ልጅ ሰብለ ወንጌልንና የድሃውን ገበሬ ልጅ በዛብህን ያሳዩን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአስተማሪና በተማሪነት ተቀምጠው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ባላባትና ጭሰኛ በሕግ ፊት ቀሩ። ዛሬ ግን ሪያድ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ጥያቄ ስልክ ተደውሎ ወረዳ ድረስ ይጣራል። ሁለቱም የሰው ቤት የሚሠሩ ሰዎች ሆነው! ከእናትና ከአባት የወረስነው ሚዛን አዋጅ አልደረሰበትም።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ግን ከቤተሰብ ጋር ያለው ነገር ነው። በድህነት ያደገ ልጅ ለራሱ መጠየቅ አይችልም፤ ሲጠየቅም «የለኝም» ማለት አይችልም። ሁለቱ አንድ ናቸው። ወንድም ባጃጅ ይላል፣ አጎት ቆርቆሮ ይላል፣ እህት የሠርግ ወጪ ትላለች፤ ይላካል። ኩላሊቷን እያመማት ሳትታከም የምትልክ ሴት እዚህ ከተማ ውስጥ አለች። ፍቅሯ እውነተኛ ነው፤ እሱን አልጠራጠርም። ነገር ግን በልጅነቷ ቤት ውስጥ የመኖሯ ዋጋ ባመጣችው ውኃና ባመጣችው እንጨት ሲለካ ነበር፤ ዛሬም ካላመጣች የምትወደድ አይመስላትም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 አየነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አብቅቶ እነሱን የማስወጣት ዘመቻ ሲጀመር መንፉሃ ላይ የሆነውን የማያስታውስ የለም፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ብዙው የለበሰውን ብቻ ይዞ። ቦሌ ላይ የወረዱት ሰዎች የሚፈሩት ረኃብን ብቻ አልነበረም፤ ባዶ እጅ ቤት መግባትን ነበር። መንደር ሳይደርሱ ከተማ ላይ የቀሩ ነበሩ። በዚያው መንገድ ተመልሰው የመጡም ነበሩ። ወላጅ «ልጄ በሕይወት መጣሽልኝ» ብሎ እንደሚያቅፍ ማመን የተሳነው ሰው፣ ያ እምነት ማጣት በውስጡ ስንት ዓመት ሲገነባ እንደኖረ አስቡት።

አሁን ደግሞ እኛው የምንሠራው አዲስ ልጅነት አለ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሠራተኛው ኢቃማ፣ ማለትም በመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሥር ለሚኖር እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ክፍያ መጣ፤ በየዓመቱ እየጨመረ 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጅ ያለው አባት በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ወደ አገር ቤት ለአያት ላከ። ያለ ኢቃማ የወለዱትም እንዲሁ ላኩ። እነዚህ ልጆች ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ጥሩ ይለብሳሉ፣ ስልክ አላቸው። ሠራተኛም ይቀጠርላቸዋል። በሌላ ሰው ቤት ሠራተኛ የሆነችው እናታቸው በምትልከው ብር፣ ለልጇ የሌላ ድሃ ልጅ ትቀጠርለታለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ አስቡልኝ።

እነዚህ ልጆች መጠየቅ ያውቃሉ። የሚጠይቁት ግን ዕቃ ነው፤ እናት በስልክ መስጠት የምትችለው እሱን ነውና። «መቼ ትመጪያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ሁለቴ ጠይቀው መልስ ሲያጡ ትተውታል። ፈረንሳዊቷ ጸሐፊ አኒ ኤርኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው፣ ኖርማንዲ ውስጥ ትንሽ ካፌና ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የነበራቸው ወላጆች ልጅ ናት። አባቷ ለፍቶ ባስተማራት ትምህርት ከአባቷ ዓለም እንዴት እንደወጣች፣ በመካከላቸው የገባው ርቀት ምን እንደሚመስል ስለ እሱ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፋለች። እነሱ ግን ቢያንስ አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። የእኛ ልጅ ከእናቱ የሚለየው በትምህርትም በባሕርም ነው፤ እናቱ ምን ሠርታ እንደምትልክለትም ብዙ ጊዜ አያውቅም። «ቢሮ ነው የምሠራው» ያለች እናት አውቃለሁ። አትፍረዱባት፤ የልጇን አንገት ቀና ለማድረግ ብላ ነው። ግን ያ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው እናቱን ሳያውቃት፣ እናቱም እሱን ሳታውቀው ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው የሚቀመጠው ገንዘብ ብቻ ይሆናል።

የምለምናችሁ እንዲህ ነው። ልጆቻችሁ በዕድሜያቸው ልክ የምትሠሩትን ይወቁ። በስልክ ስትደውሉ «ምን ልላክልህ?» ከማለታችሁ በፊት ትምህርት ቤት ማን እንዳስቸገረው፣ ማታ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት፤ «መቼ ትመጪያለሽ?» ሲልም፣ መልሱ «አላውቅም» ቢሆን እንኳ፣ ጥያቄውን አትዝለሉት። አያት ቤት ያለችውን ሠራተኛ ልጃችሁ በአክብሮት እንዲጠራት፣ አብራው መሶቡ ላይ እንድትቀመጥ፣ ደሞዟም በየወሩ በእጇ እንዲገባ ከዚህ ሆናችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ብሩን የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ባልና ሚስት የሆናችሁ ደግሞ ስለ ገንዘብ ከመነጋገራችሁ በፊት፣ በልጅነት ቤታችሁ ገንዘብ ሲያልቅ ምን ይሆን እንደነበረ አንድ ምሽት ተጫወቱ። በጋራ ክፍል የምትኖሩ እህቶች፣ የአርብ ቡና በተራ ይፈላ፤ ሳህን በተራ ይታጠብ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሞክሩትና ማን ቁጭ ማለት እንደሚከብዳት ታያላችሁ።

አሁን የጥያቄ ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ፣ ከእኛ ከወንዶቹ ነው የሚጀመረው። ዛሬ ማይክሮፎኑ ከኋላ ይጀምር፤ ግድግዳውን ተደግፋችሁ ከቆማችሁት እህቶች። ዐረፍተ ነገሩ ባይሳካላችሁም ግድ የለም፤ ጊዜ አለን፣ እንጠብቃለን።